ለዓይን ፈተና ያስጠናናት ልጅ

በሕይወቴ ኮርጄ ያለፍኩት ፈተና አንድ ብቻ ነው፤ እሱም የዓይን ምርመራ ነበር።

ሁለተኛ ክፍል ሳለሁ ነው። ነጭ ጋዋን የለበሱ ሁለት ሰዎች ትምህርት ቤታችን መጥተው የክፍላችን ግድግዳ ላይ አንድ ሰንጠረዥ ሰቀሉ። ሰንጠረዡ ላይ ያለው ምልክት አንድ ዓይነት ነው። ሦስት እግር ያለው፣ ሐመሩ ሐን የሚመስል፣ አንዴ ቀጥ ብሎ የቆመ፣ አንዴ የተገለበጠ፣ አንዴ በቀኝ፣ አንዴ በግራ ጎኑ የተኛ። ከላይ ትልቅ ነው፤ ወደ ታች በወረደ ቁጥር እያነሰ ሄዶ መጨረሻው መስመር ላይ ዝንብ የረገጠችው ወረቀት ይመስላል። ተማሪው አንድ ዓይኑን በመዳፉ ይሸፍንና እግሮቹ ወዴት እንደዞሩ በሌላው እጁ ሦስት ጣቶች ያሳያል።

ሰልፉ ላይ አሥራ ሰባተኛ ነበርኩ። ከፊቴ ያሉት አሥራ ስድስት ልጆች በተራ ሲያሳዩ ቅደም ተከተሉ አንድም ጊዜ አልተቀየረም። ቀኝ፣ ታች፣ ግራ፣ ግራ፣ ላይ። አሥራ ስድስት ጊዜ ያየሁትን ነገር ለመያዝ ጉብዝና አያስፈልግም። ተራዬ ደርሶ ቀኝ ዓይኔን ስሸፍን ግድግዳው ወተት የተደፋበት መሰለ። ለምን እንደዚያ እንደሆነ አልጠየቅኩም፤ በፈተና ሰዓት ጠያቂው ፈታኙ ነው። ሦስት ጣቶቼን ቀኝ፣ ታች፣ ግራ፣ ግራ፣ ላይ አደረግኩ። «ጎበዝ!» ተብዬ ሰማያዊ እስክሪብቶ ተሸለምኩ። ከኔ ቀጥሎ የነበረው ልጅ ግራና ቀኙ ተምታቶበት ወደቀ። ለወላጆቹ ወረቀት ተላከ፤ እኛም ዓመቱን ሙሉ «ጭላንጭል» እያልን ስንጠራው ከረምን።

ጭላንጭል ዛሬ መነጽር አድርጎ አርባ ምንጭ፣ ሲቀላ ሰፈር ውስጥ ባጃጅ ይነዳል። ሁለት ዓይን አለው። በከፍተኛ ውጤት ያለፍኩት እኔ አንድ ተኩል ነው ያለኝ።

ይህን ያወቅኩት ካደግኩ በኋላ ነው። ሲቀላ፣ ከመናኸሪያው ጀርባ ባለው መስመር ስልክ እጠግናለሁ። ሙያውን ያስተማረኝ ሰው የለም። ሁለት የራሴንና አንድ የአባቴን ስልክ ገድዬ ነው የለመድኩት። ሥራው እየደቀቀ ሲመጣ ሁለት ማያ ያለው ማይክሮስኮፕ ገዛሁ። የሸጠልኝ ሰው «በሁለቱም ዓይንህ ስታየው ቦርዱ ከተማ ይመስልሃል፤ ፎቁ ከጎጆው ይለያል» ብሎኝ ነበር። ለእኔ ግን ፎቅም ጎጆም አልነበረም። ሁሉም ነገር ሰፌድ ላይ እንደተበተነ ቆሎ ለጥ ያለ ነው።

ዕቃው የተበላሸ መሰለኝ። ሁለት ሳምንት ሙሉ የግራውን ቱቦ ፈታሁ፤ መስታወቱን በአልኮል ጠረግኩ፤ ብሎኖቹን በቅደም ተከተል ካርቶን ላይ ደርድሬ መልሼ ገጠምኩ። ምንም ለውጥ የለም። በመጨረሻ ጎረቤቴን፣ የጫማ ሻጩን፣ እንዲያይበት ለመንኩት።

«ወይ ጉድ!» አለ። «እዚህ ውስጥ ሰው ይኖራል እንዴ? ደረጃ ሁሉ አለው!»

ዕቃው ደህና ነበር። የተበላሸው ተመልካቹ ነው።

እኔ ብልሽት ካገኘሁ ምክንያቱን ሳላውቅ አልተኛም። እንግሊዝኛዬ የጥገና ቪዲዮ እንግሊዝኛ ነው፤ ግን አንድ ዓረፍተ ነገር ላይ ግማሽ ቀን መቀመጥ አያስከፋኝም። መብራት ሲጠፋ ሥራ ስለማይኖር ስልኬ ላይ ያወረድኩትን አነባለሁ። አርባ ምንጭ ውስጥ ደግሞ በዚህ ምክንያት ብዙ ማንበብ ይቻላል።

የገባኝን በራሴ ቋንቋ ልናገር። ዓይን የሚሠራው የሥራውን ግማሽ ነው። ማየትን የሚማረው አንጎል ነው። ሕፃን ሲወለድ ከዓይን ወደ አንጎል የሚሄዱት መስመሮች ተዘርግተዋል፤ ዝርጋታው ግን ገና ያላለቀለት ነው። የትኛው መስመር ይጽና፣ የትኛው ይነቀል የሚለውን የሚወስነው በመስመሩ ውስጥ የሚያልፈው ምልክት ራሱ ነው። ከሁሉ የገረመኝ፣ ዓይን ገና በማህፀን ጨለማ ውስጥ፣ አንድም ነገር ሳያይ፣ ምልክት መላክ ይጀምራል። ሰርግ ቤት ድንኳኑ ተተክሎ እንግዳ ሳይገባ ሞንታርቦ የሚሞክረውን ሰውዬ ታውቁታላችሁ፤ «አንድ፣ ሁለት፣ ቼክ፣ ቼክ» እያለ ባዶ ወንበር የሚያደነቁረው። ዓይንም እንደሱ ነው። ጎን ለጎን ያሉት ሴሎች አብረው ሞገድ ሞገድ እያደረጉ ይጮሃሉ፤ አንጎልም «እነዚህ አብረው የሚጮሁት ጎረቤታሞች መሆን አለባቸው» ብሎ ጎን ለጎን ያስቀምጣቸዋል። ብርሃን ሲመጣ ሰፈሩ በከፊል ተሠርቶ ይጠብቀዋል።

ጭቅጭቁ የሚመጣው ከተወለድን በኋላ ነው። ሁለቱ ዓይኖች አንጎል ውስጥ ቦታ ይሻማሉ። አንጎል ደግሞ እንደማውቀው ጽሕፈት ቤት ሁሉ ነው፤ አዘውትሮ የሚመጣውንና ጥርት አድርጎ የሚናገረውን ያስተናግዳል፤ የሚያጉተመትመውን «ነገ ና» ይለዋል። የእኔ ግራ ዓይን የመነጽር ቁጥሩ ከቀኙ ስለሚለይ ከልጅነቴ ጀምሮ የሚልከው ምስል ብዥ ያለ ነበር። መነጽር ቢያገኝ አጥርቶ ይናገር ነበር። አላገኘም። ነገ ና፣ ነገ ና ሲባል ቆይቶ ፋይሉ ተዘጋ። እሱ ሲዘጋ እኔ ሰማያዊ እስክሪብቶዬን ይዤ እንሸራሸር ነበር።

ይህን ሁሉ ካወቅኩ በኋላ ለራሴ ብዙም አላዘንኩም። በአንድ ዓይን ስልክ ይጠገናል። ሻይ ስቀዳ አልፎ አልፎ ከብርጭቆው ጎን አፈስሳለሁ፤ ባጃጅ ስሳፈር ጭንቅላቴን እመታለሁ፤ ከዚያ ውጪ ደህና ነኝ። ነገሩ ሌላ መልክ የያዘው የእህቴ ልጅ የመጣች ቀን ነው።

እህቴ ታላቄ ናት፤ የስድስተኛ ክፍል አስተማሪ። ከክፍል በኋላ ተማሪዎችን ለክልል ፈተና ታስጠናለች፤ ያስጠናችው ልጅ ከወደቀ ሐዘን ትቀመጣለች። ልጇ ያኔ አምስት ዓመት ተኩል ነበረች። ከመዋለ ሕፃናት ስትወጣ እናቷ እስክትጨርስ ድረስ እኔ ሱቅ ትቆያለች። አንድ ቀን በርጩማ ላይ አቁሜ በማይክሮስኮፑ አሳየኋት።

«ምን ይታይሻል?»

«ብር። ብዙ ብር። ደግሞ ጥቁር ቤት።»

በዚያው እጄን ዘርግቼ ቀኝ ዓይኗን በመዳፌ ሸፈንኩ።

«መብራት ሄደ» አለች።

«አልሄደም።»

«ሄደ አልኩህ፣ አጎቴ። ሻማ አብራልኝ።»

ቀና ብዬ ጣሪያው ላይ ያለውን አምፖል አየሁት። ቦግ ብሎ በርቷል።

ለእህቴ የዚያኑ ቀን ነገርኳት። ሱቁ በር ላይ ቆማ የተማሪ ደብተር ክምር ታቅፋለች።

«ልጅሽ ግራ ዓይኗ ደካማ ነው።»

«አንተ ደግሞ! ከመንገዱ ማዶ የወደቀ አስር ሳንቲም ታያለች።»

«በቀኙ ነው የምታየው።»

«አልዞረ፣ አልቀላ፣ አላለቀሰ። ስልክ ስትፈታ ስትገጥም ሰው ሁሉ ስልክ መሰለህ አይደል?»

«እኔም እንደሷ ነኝ፣ እትዬ» አልኩና ቀኝ ዓይኔን ሸፈንኩ። «አንዱን ደብተር አሳዪኝ።»

አንዱን ከፊቴ አነሳችው። ሽፋኑ ላይ በትልቁ የተጻፈ ነገር እንዳለ ይታየኛል፤ ፊደሎቹ ግን እርስ በርስ ይጋፋሉ። ማንበብ አልቻልኩም።

«ቀልድህን ተው።»

«አልቀለድኩም።»

ደብተሮቹን መሬት ላይ አስቀመጠች። በማግስቱ ወደ ሆስፒታል ሄድን።

የዓይን ክፍሏ ሲስተር ጠብታ አደረገችላት፤ በመብራት አየቻት፤ መስታወት እየቀያየረች ለካቻት። ከዚያ ልክ እኔን ያሸለመኝን የመሰለ ሰንጠረዥ ግድግዳው ላይ አሳየቻት። ልጅቷ በግራ ዓይኗ ሁለተኛው መስመር ላይ ቀረች። ሲስተር መነጽር ጻፈችላትና ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ስንመለስ ሁለተኛውን ትእዛዝ ሰጠችን፦ በየቀኑ ለሁለት ሰዓት ደህናውን ዓይን፣ ቀኙን፣ በጎዝና በፕላስተር መሸፈን።

«ዕድሜዋ ጥሩ ነው» አለች። «ሁለት ሦስት ዓመት አርፍዳችሁ ብትመጡ ሌላ ወሬ ነበር የምነግራችሁ። በሩ እየተዘጋ ነው የሚሄደው።»

«የእኔስ?» አልኳት።

«ያንተ አውቶቡስ ከመናኸሪያ ወጥቷል። ሮጦ የደረሰበት ሰው አለ ይላሉ። እኔ አላየሁም።»

ሰፈር ሲሰማ የሕክምና ሊቅ ሁሉ ብቅ አለ። አንዷ ካሮት አለች። ሌላዋ የሀላኮ፣ የሽፈራው ቅጠል ይብቃት አለች። ከጫሞ ሐይቅ አሳ የሚያመጣው ሰውዬ የአሳ ዓይን በፌስታል ቋጥሮ ላከ፤ «ዓይን በዓይን ይድናል» ብሎ። ድመቷ በላችው። የድመቷ ዓይን እስከ ዛሬ ደህና ነው።

ከባዱ አባቴ ነበር። አባቴ ኩልፎ ወንዝ ዳር የሙዝ ማሳ አለው፤ ብዙ ዓመት የውሃ አባት ነበር፤ ማለትም ከቦዩ ማን በየትኛው ቀን ውሃ እንደሚወስድ የሚዳኝ። ፕላስተሩን ሲያይ ተነስቶ ቆመ።

«ደህናውን ሸፍናችሁ በታመመው እንድትሄድ? አንድ እግሩ የተሰበረ ሰው ደህናውን ያስራል እንዴ?»

«አባዬ፣ አንድ ቦይ አለ እንበል» አልኩት። «ሁለት ሰዎች በተራ ያጠጡበታል። አንደኛው ጉልበተኛ ነው።»

«ማን እንደሆነ አውቄዋለሁ» አለ ወዲያው። «የሱን ስም እዚህ ቤት አታንሳብኝ።»

«እሺ። ያኛው ደካማው ተራው ሲደርስ ውሃው አይመጣለትም። ቦዩ ምን ይሆናል?»

«ምን ይሆናል፣ ደለል ይሞላዋል! ሣር ያበቅላል። ከዚያ ያ ሌባ ሙዙን አምጥቶ ይተክልበታል። አድርጎታልኮ!»

«አንተ የውሃ አባት ብትሆን ምን ታደርጋለህ?»

«የሌባውን በር እደፍንበታለሁዋ! ውሃው በግዱ ወደ ደካማው ይሄዳል። ደለሉን ራሱ ውሃው እየጠረገ…» ቆመ። የልጅቷን ሁለት ዓይኖች ተራ በተራ አያቸው። «የትኛው ነው ሌባው?»

«ቀኙ።»

«ፕላስተሩን አምጡት።»

ቀኝ ዓይኗ ምንም እንዳላጠፋ፣ ሌባ እንዳልሆነና ከልክ በላይ ቢሸፈን እሱም እንደሚጎዳ ላስረዳው ሞከርኩ። የሰዓቱን ነገር ተቀበለ፤ የሌብነቱን ግን አልተወም። ከዚያን ቀን ጀምሮ ቀኝ ዓይኗን በጎረቤቱ ስም ይጠራው ጀመር። ከሰዓት በኋላ ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ከማሳው ተነስቶ ይመጣና ፕላስተሩን በገዛ እጁ ይለጥፋል። አሥራ አንድ ሲሆን ይነቅላል። አንድ ደቂቃ አያሳልፍም። በውሃ ቀልድ አያውቅም።

ልጅቷ ለአንድ ወር ያህል ጠላችን። ፕላስተሩን እየላጠች ጠረጴዛ ሥር ትለጥፋለች። በር ትገጫለች። ዶቃ በክር እንድትሰካ ሰጥቻት ዶቃውን ወረወረችብኝ፤ በመሸፈኛው ምክንያት ሳተችኝ። የሰፈር ልጆች «አንድ ዓይና!» ሲሏት «ሌላው ተኝቶ ነው፣ አትጩኹ!» ትላለች። በሁለተኛው ወር መላጡን ተወች። በሦስተኛው ወር ከአስር ዶቃ ሦስቱን ሰካች።

ለክትትል የሄድን ቀን አባቴ ሱፉን ለብሶ መጣ። ሲስተር ቀኝ ዓይኗን ሸፈነች፤ በእንጨት ዘንግ ምልክቶቹን እየጠቆመች ወረደች። ልጅቷ ሦስት ጣቶቿን አንዴ ወደዚህ አንዴ ወደዚያ እያዞረች መለሰች። ሁለተኛው መስመር አለፈ። ሦስተኛው። አራተኛው። የዝንብ እግር የሚያክለው መስመር ላይ ስትደርስ እህቴ አፏን በነጠላዋ ያዘች። አንድም አልሳተችም።

«እልልታ ነው የቀረኝ!» አለች ሲስተር። መሸፈኛው ይቁም፣ ከስድስት ወር በኋላ ተመለሱ ብላ ጻፈች።

አባቴ የዚያኑ ቀን ሙሉ አሳ አስጠብሶ ጎረቤት ጠራ። ያንን ሌባ ጭምር።

እኔ ግን አንድ ነገር አይቼ ነበር። አራተኛው መስመር ላይ የልጅቷ ጣቶች የዞሩት ዘንጉ ምልክቱ ላይ ከማረፉ በፊት ነው። በጥቂቱ፣ ዓይን ተጨፍኖ እስኪገለጥ ድረስ ባለው ጊዜ ያህል። ሌላ ሰው ይህን ላያይ ይችላል። እኔ አሥራ ሰባተኛ ሆኜ ተሰልፌ አውቃለሁ።

ዝም አልኩ። ሰው ካልጠየቀኝ አለመናገር ልማዴ ነው፤ ያን ጊዜ ደግሞ ልማዴ ተመቸኝ። አሳውም ጥሩ ነበር። ዓይኔ አታልሎኝ ይሆናል አልኩ፤ ዓይኔ ሲያታልለኝ የመጀመሪያው አይደለም። በአራተኛው ቀን ሱቅ ውስጥ መዳፌን ቀኝ ዓይኗ ላይ አድርጌ ዶቃ አሰካኋት። ከአስር አራት። ሁሉን ያየ ዓይን አራት ዶቃ ብቻ መስካቱ ልክ እንዳልሆነ ገባኝ፤ አሁንም ለማንም አልተናገርኩም። በየቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ይሆናል፤ ፕላስተር የሚለጥፍ የለም። አባቴ ማሳው ላይ ነው። የተጠረገው ቦይ ደለል መያዝ እየጀመረ መሆኑን የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ።

በዘጠነኛው ቀን እህቴ ቻርጅ አልገባ ያለ ስልኳን ይዛ መጣች። ልጇ አብራት ነበረች።

«አደራ ፎቶዎቹ እንዳይጠፉ» አለች። «ያስጠናኋት በዚህ ነው።»

«ምኑን?»

«ሰንጠረዡን ነዋ! ሲስተር ስትጽፍ አነሳሁት። በየቀኑ ከራት በፊት ሃያ ጊዜ። ልጄ ሳታጠና ፈተና ትግባልህ? ወይስ አንተን መሰለችህ?»

ወረንጦዬን አስቀመጥኩ።

«እትዬ፣ ሕክምናው እሱ መስሎሽ ነው?»

«ታዲያስ! ዓይኑ ይሥራ አይደል የተባለው? አሠራሁት።»

ፎቶውን ከፈትኩ። ስክሪኑ አብሮ እንዳይዞር ቆለፍኩና ስልኩን ገልብጬ ያዝኩት። የልጅቷን ቀኝ ዓይን በመዳፌ ሸፍኜ «በይ አሳዪኝ» አልኳት። ቀኝ፣ ላይ፣ ታች፣ ግራ እያለች እስከ መጨረሻው ወረደች። እህቴ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች ታጅባት ነበር፤ መሃል ላይ ከንፈሯ ቆመ።

«ተገልብጧል እኮ» አለች።

«አዎ።»

«በጎኑ አድርገው።»

በጎኑ አደረግኩት። ልጅቷ ያንኑ፣ በዚያው ቅደም ተከተል፣ አንድ ሳታጎድል ደገመችው። በመሃል ስልኩን ትታ እኔን ታይ ነበር።

«ጎበዝ ነኝ?» አለች።

«በጣም» አልኳት።

እህቴ በርጩማው ላይ ተቀመጠች። «አሁን ልጄን ሌባ ልታደርጋት ነው?»

«ሌባስ እኔ ነኝ» ብዬ የሁለተኛ ክፍሉን ነገር ነገርኳት። አሥራ ሰባተኛ መሆኔን፣ ወተት የተደፋበትን ግድግዳ፣ እስክሪብቶውን።

«ያንን እስክሪብቶ እኮ አባዬ ለእንግዳ ያሳይ ነበር!» አለች። በመጀመሪያ ሳቀች፤ ከዚያ ሳቋ ወደ ሌላ ነገር ሄደ፤ ልጇን ሳብ አድርጋ መነጽሯን በቀሚሷ ጫፍ መጥረግ ያዘች። መነጽሩ ንጹሕ ነበር።

ለአባቴ የነገርኩት ማሳው ላይ ነው። እግሩ ጭቃ ውስጥ ነበር።

«የሌባው በር ተከፍቷል፣ አባዬ። ተምታቶብን ነው ያስከፈትነው።»

ሁሉንም ሰማኝ። «ስንት ቀን ሆነው?»

«ዘጠኝ።»

«አንተ መቼ ነው ያወቅከው?»

መዋሸት እችል ነበር። «የዚያኑ ዕለት።»

አካፋውን መሬት ላይ ተከለ። «ውሃ ሲሰረቅ አይቶ ዝም ያለውን እኛ ምን እንደምንለው ታውቃለህ?»

«አላውቅም።»

«ተካፋይ።»

እግሩን ታጥቦ ከፊቴ ቀድሞ ወጣ። ሰዓቱ ስምንት ተኩል ነበር። ዘጠኝ ላይ ፕላስተሩን ለጠፈ።

በማግስቱ አራታችንም ሆስፒታል ሄድን። ለሲስተር የነገርኳት እኔ ነኝ፤ በአንድ ትንፋሽ። ከእኔ ወደ እህቴ፣ ከእህቴ ወደ አባቴ ሱፍ ተመለከተች። ከዚያ ሰንጠረዡን ከሚስማሩ አወረደችና ገልብጣ ሰቀለችው። ትልቁ ከታች፣ የዝንቡ ከላይ ሆነ።

ልጅቷ ቀኝ ዓይኗ ተሸፍኖ ከትልቁ ጀመረች። የመጀመሪያውን በጥናቷ መለሰች፤ ተሳሳተች። ቆማ አየች፤ አስተካከለች። ሁለተኛውን መስመር ቀስ እያለች አለፈችው። ሦስተኛውን አለፈችው። አራተኛውን ከአንድ ስህተት ጋር ጨረሰች። አምስተኛው ላይ ሦስት ጣቶቿ አየር ላይ ቀሩ። ወደ እናቷ ዞረች።

«ያልተማርነው ነው የመጣው!» ብላ ጮኸች።

ሲስተር ወንበሯ ላይ ተቀምጣ እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። «እኔም አብሬ ተፈትኜ ወደቅኩ» አለች። «ሃያ ጊዜ ተጠንቶ የመጣን ተማሪ ማን ጠርጥሮ!» ከዚያ ካርዱን አወጣችና በጣቷ አሳየችን። «ስትመጡ ሁለተኛው ላይ ነበረች። አሁን አራተኛው ላይ ናት። ሁለቱ መስመር የራሷ ነው። የተቀረው የእናቷ።»

«የእናቷ ይቀነስ» አለ አባቴ።

መሸፈኛው ቀጠለ። እህቴ ፎቶውን አጠፋችው፤ ልጇን ማስጠናት ግን ስላላስቻላት ዶቃ ታሰካታለች፤ ምስር ታስለቅማታለች፤ በዚያም ላይ ማርክ ትሰጣታለች። እኔም ካርቶን ላይ ሰንጠረዥ ሠርቼ በየሳምንቱ ቅደም ተከተሉን እቀይራለሁ። በማስመሪያ ነው የምሠራው፤ እግሮቹ እኩል ካልሆኑ ከቅርጹ ታውቀዋለች። ሲስተር ሰዓቱን አንዴ ጨመረች፤ ኋላ ቀነሰች፤ ባለፈው ክረምት ጨርሳ አቆመችው፤ በአንድ ሳይሆን በአራት የተለያዩ ሰንጠረዦች አረጋግጣ። ልጅቷ አሁን ሰባት ዓመት አልፏታል። ግራ ዓይኗ የመጨረሻዋን መስመር አያይም። በማይክሮስኮፑ ስታይ ግን ደረጃ አለው ትላለች፤ ስንት ደረጃ እንደሆነ ትቆጥራለች። እኔ ማረጋገጥ ስለማልችል አምናታለሁ።

ባለፈው ሳምንት ሱቅ መጥታ በርጩማው ላይ አስቀመጠችኝ። ከቦርሳዋ የተረፈ ፕላስተርና ጎዝ አወጣች፤ መነጽሯን ወደ ላይ ገፋ አድርጋ ቀኝ ዓይኔን ሸፈነች። አያቷ እንደሚያደርገው ጫፉን በአውራ ጣቷ ጫን ጫን አድርጋ ለጠፈችው። የራሴን ካርቶን ግድግዳው ላይ አቆመችና በእርሳስ ጠቆመች።

«አሳየኝ።»

ካርቶኑን የሠራሁት እኔ ነኝ። ቀኝ፣ ቀኝ፣ ታች፣ ላይ፣ ግራ። ጣቶቼን አዞርኩ። እስከ አራተኛው መስመር አልሳትኩም።

እርሳሷ ቆመ። ምን እንዳየች አላውቅም፤ ጣቴ ቀድሟት ይሆናል። ካርቶኑን ይዛ ስትገለብጠው ድምፁ ተሰማኝ።

«ሸምድደህ ነው፣ አጎቴ። አሁን አሳየኝ።»

ግድግዳው ላይ ወተት ተደፍቷል። መሃሉ ላይ ግራጫ ነገር አለ። እጄን ጉልበቴ ላይ አስቀመጥኩ።

«አይታየኝም» አልኳት።

ደብተሯን ከፈተች። ጽሕፈቷን በግራ ዓይኔ ባላይም እርሳሱ ሁለቴ ሲሰምር ሰማሁ፤ የኤክስ ምልክት ነው። ከዚያ ወረቀት ቀደደችና እጄ ላይ አስቀመጠች።

«ለወላጅ ስጥ» አለች።

ወረቀቱን ለአባቴ ወሰድኩለት። አንብቦ አጠፈውና፣ ዱሮ እስክሪብቶዬን ይይዝበት የነበረው ኪሱ ውስጥ ከተተው።